የጠፋው ልጅ ታሪክ በጠፉ ዘዬዎች፦ የአየርላንድን የድሮ ድምፆች እንዴት እንዳዳመጥኩ

የአየርላንድ ቋንቋ አልሞተም። በኬሪ፣ በኮኔማራና በዶኒጎል ዛሬም ልጆች በአይሪሽ አፋቸውን የሚፈቱባቸው መንደሮች አሉ። የጠፉት ዘዬዎቹ ናቸው። በታይሮን፣ በአንትሪም፣ በላውዝ፣ በካቫን፣ በቲፐሬሪና በክሌር በአካባቢው ዘዬ አፉን የፈታ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም። የአንትሪም ሸለቆዎች የመጨረሻው ተናጋሪ ያረፈው በ1983 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ደብሊን ውስጥ በማታ ክፍል የተማርኩት ለትምህርት ቤትና ለመንግሥት ሥራ ወጥ ሆኖ የተዘጋጀውን አይሪሽ ነበር። እኔ ግን የታይሮን ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ሲያወራ ቋንቋው እንዴት ይሰማ እንደነበር ማወቅ እፈልግ ነበር።

ለዚህ ያበቃኝ ከበርሊን የመጣ ሰው ሥራ ነው። ቪልሄልም ዶገን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጀርመን ካምፖች የነበሩ ምርኮኞችን እያስቀመጠ ቋንቋቸውን በሸክላ ያስቀዳ ነው፤ በኋላ በፕሩሽያ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት የድምፅ ክፍል ኃላፊ ሆነ። አዲሱ የአየርላንድ መንግሥት ጋበዘውና በ1928 በደቡብ፣ በሙንስተር ቀዳ። በ1930 ረዳቱ ካርል ቴምፔል ወደ ምዕራብ ሄዶ ኮናክትን፣ በ1931 ደግሞ ሰሜኑን፣ አልስተርን ቀዳ። ከ130 በላይ ሰዎች፣ ከ17 ካውንቲዎች (አውራጃዎች)። ድምፁ መጀመሪያ በሰም ላይ ይቀረጻል፤ ከሰሙ የብረት ቅርጽ ይወጣል፤ ከብረቱ ሸክላው ይታተማል። ዛሬ ሮያል አይሪሽ አካዳሚ ቅጂዎቹን ከጽሑፋቸው፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸውና ከተናጋሪዎቹ ማንነት ጋር በኢንተርኔት በነጻ አስቀምጧቸዋል።

በስብስቡ ውስጥ ተረት አለ፣ ዘፈን አለ፣ ጸሎት አለ። ሁሉንም እየነካኩ ማዳመጥ ደስ ይላል፤ ግን አንዱ ሰው ስለ ቀበሮ፣ ሌላው ስለ ንጉሥ ልጅ ሲያወራ የዘዬውን ልዩነት ከወሬው ልዩነት መለየት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መረጥኩ፦ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያለውን የጠፋውን ልጅ ምሳሌ። የቀዱት ሰዎች ራሳቸው ከብዙ ተናጋሪዎች ይህን ታሪክ ጠይቀዋል፤ ያው ታሪክ በተለያየ አፍ ሲነገር ለማነጻጸር ስለሚመች ነው። ለእኔ ደግሞ ከዚያም በላይ ሆነልኝ፤ ይህን ምዕራፍ በአማርኛ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሸክላው ቢንሿሿም፣ ሽማግሌው ጥርስ ባይኖራቸውም፣ ታሪኩ የት እንደደረሰ አይጠፋኝም። እሪያዎቹ ጋ ደርሰናል፤ አሁን አባትየው ከሩቅ ሊያየው ነው፤ አሁን ቀለበቱና ጫማው ይመጣል፤ ከዚያ የሰባው ፊሪዳ። ቃሉ ከተናጋሪ ተናጋሪ ቢለያይም የታሪኩ ቅደም ተከተል መንገዱን ይዞልኝ ይሄዳል።

ወረቀት ላይ የአማርኛውን ቁጥሮች በግራ፣ የአይሪሹን በቀኝ ጻፍኩ። ከዚያ በጣም የጠቀመኝን ነገር አደረግሁ፦ ከጠፋው ዘዬ ሳይሆን በሕይወት ካለው ጎረቤቱ ጀመርኩ። ታይሮንን ለመስማት በዶኒጎል፣ ክሌርን ለመስማት በኬሪና በኮኔማራ በኩል። በሕይወት ያለውን ዘዬ በሬዲዮም ማግኘት ይቻላል፤ አይሪሽ ብቻ የሚያሰራጨው ራዲዮ ና ጌልታህታ ቀኑን ሙሉ የሦስቱንም አካባቢ ሰዎች ያናግራል። ጆሮ አንዴ የዶኒጎልን ዜማ ከለመደ የታይሮኑ ሰውዬ እንግዳ አይሆኑበትም፤ የሚለዩበት ቦታ ብቻ ጎልቶ ይወጣል። በቀጥታ የጠፋው ውስጥ የሚገባ ሰው ግን ሁሉም ነገር ስለሚከብደው ልዩነቱ የቱ እንደሆነ ማወቅ አይችልም።

የማዳምጠውንም አጠበብኩ። ቁጥር 17 ላይ ልጁ በአባቱ ቤት ስለሚተርፈው እንጀራ ያስባል፤ በአይሪሽ ይህ «አራን» ነው። የሙንስተር ሰው ጉልበቱን መጨረሻው ላይ ጥሎ ሁለተኛውን ክፍል ያስረዝመዋል። የአልስተር ሰው መጀመሪያውን ያጠብቅና የኋላውን ያሳጥረዋል። ይህችን አንዲት ቃል ከደቡብ እስከ ሰሜን ተከትሎ መሄድ ብቻ አገሩን የመዞር ያህል ያስተምራል። ሌላው አሉታው ነው፣ ማለትም «አይደለም»፣ «አል-» የሚባልበት ቃል። በአብዛኛው አገር «ኒ» ይባላል፤ በምሥራቅ አልስተር ግን «ኻ» ይሰማል። «ኻ» የስኮትላንድ ጌሊክም አሉታ ነው። ካርታ ሲታይ አያስገርምም፤ ከአንትሪም ጠረፍ እስከ ስኮትላንድ ምድር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጠራ ቀን ማዶው ይታያል። በዚህ ምክንያት ልጁ ልጅህ ልባል አይገባኝም የሚልበትን ቁጥርና ታላቅ ወንድሙ ከትእዛዝህ አልወጣሁም እያለ የሚቆጣበትን ቁጥር ደጋግሜ አዳመጥኳቸው። አሉታ የሚበዛው እዚያ ነው።

ስለ ሹሹታው አንድ ነገር ልበል። ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፍጥነቱን ቀነስ አድርጎ፣ የድምፁን ውፍረትና ቅጥነት ሳይለውጡ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር እየደገሙ መስማት ይቻላል። ይህ ጥሩ ነው። ጩኸት ማጽጃውን ግን አትንኩት እላለሁ። የአይሪሽ ተነባቢዎች እያንዳንዳቸው ሰፊና ቀጭን አነባበብ አላቸው፤ ትርጉም የሚለይበት ነገር ነው። የእነ ስ፣ ሽ እና ኽ ልዩነት የሚሰማው ሹሹታው ራሱ በሚኖርበት ከፍተኛ የድምፅ ክልል ውስጥ ነው። ሹሹታው ሲጠፋ እነሱም አብረው ይጠፋሉ፣ የሚቀረውም ለጆሮ የሚመች የሌላ ሰው ንግግር ነው።

ጽሑፉን መጀመሪያ ሳላይ አዳምጣለሁ፤ የሰማሁትን በፊደላችን እጽፋለሁ፤ ከዚያ ነው ከአካዳሚው ጽሑፍ ጋር የማስተያየው። የግዕዝ ፊደል ለዚህ በጣም ይመቻል፣ በተለይ «ኘ» እና «ኸ» ስላሉን የላቲኑ የአይሪሽ አጻጻፍ ጆሮዬን አላሳሳተብኝም።

እያንዳንዱ ተናጋሪ በጀርመንኛ የታተመ ቅጽ ነበረው፦ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የትውልድ ቦታው፣ ሥራው፣ ትምህርቱ። ቅጹን አንብቤ ሳዳምጥ ድምፁ ባለቤት ያገኛል። ከ1845 ጀምሮ በመጣው ታላቅ ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ ከዚያም የበለጠው ተሰደደ፤ ክፉኛ የተመታው አይሪሽ ተናጋሪው ድሃ ገበሬ ነበር። ሸክላው ላይ ያሉት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ያንን ያዩ ወላጆች ያሳደጓቸው ናቸው።

ሆኖም ይህ ስብስብ የጎደለው ነገር አለ፣ ያሳዝነኛልም። ሰዎቹ ከቤታቸው ወደ ከተማ ተጠርተው በማያውቁት ሰው ፊት ተቀምጠው ነው የተናገሩት። የሸክላው አንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለን ትረካ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም። ጥያቄና መልስ፣ አንዱ የሌላውን አፍ መንጠቅ፣ ሳቅ፣ «እህ» እያሉ ማዳመጥ፣ እነዚህ በታይሮን እንዴት ይሰሙ እንደነበር ከዚህ ማወቅ አልተቻለኝም። ለሽማግሌዎች ድምፅ ማስቀጃ ለሚያዘጋጅ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ሁለት ጎረቤታሞች አብራችሁ አስቀምጡና እናንተ ዝም በሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ የበለጠ ያንገበግባል። በ1935 የተቋቋመው የአየርላንድ የሥነ ቃል ኮሚሽን ሠራተኞቹን ኤዲፎን የሚባል የሰም ሲሊንደር መሣሪያ አሸክሞ በየገጠሩ ላከ። ሠራተኛው ተረቱን ይቀዳል፣ ማታ ቃል በቃል ይጽፈዋል፣ ከዚያ ሲሊንደሩ ተፍቆ እንደገና ለሌላ ሰው ይውላል። ገንዘብ አልነበራቸውም። በእጅ የተጻፈው ዛሬ በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጦ በአውሮፓ ከታላላቆቹ የሥነ ቃል ስብስቦች አንዱ ነው፤ ከድምፁ የተረፈው ግን ጥቂት ነው። ያነበብኩትን ተረት ሁሉ አንድ ሰው በገዛ ድምፁ ተናግሮት ነበር፣ ያም ድምፅ ተፍቋል። እነዚያን ሠራተኞች አልወቅስም፤ ሥራቸው ባይኖር ተረቱም ባልኖረ።

ይኸው ኮሚሽን በ1948 መኪና ሙሉ መሣሪያ ጭኖ በአየርላንድና በእንግሊዝ መካከል ወዳለችው፣ «ማን» ወደምትባለው ደሴት ሄደ። የአይሪሽ እህት የሆነው ማንክስ ሊጠፋ የተቃረበበት ጊዜ ነበር። የመጨረሻው አፍ ፈቺ ተናጋሪ የሚባለው ኔድ ማድሬል በ1974 አረፈ፤ ከተቀዱት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ቋንቋውን በጉልምስና የተማሩ የደሴቲቱ ሰዎች ሽማግሌዎቹን ራሳቸው ቀድተዋል፣ ከእነሱም ጋር እየተቀመጡ ተምረዋል። በ2001 በማንክስ የሚያስተምር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ።

አሁን እነዚያን የማንክስ ቅጂዎች በዚሁ ዘዴ ይዣለሁ፤ ከአንትሪም ድምፆች ቀጥሎ ሲሰሙ ዝምድናቸው ይወጣል። መሞከር የምትፈልጉ የጆሮ ማዳመጫ ያዙና ሉቃስ 15ን በአማርኛ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያ አንድ የዶኒጎል ተናጋሪ፣ ከእሱም በኋላ አንድ የታይሮን ተናጋሪ ክፈቱ።