ሦስተኛዋ ሯጭ

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ ጥቁር አሜሪካዊቷ የአጭር ርቀት ሯጭ ስለ ዊልማ ሩዶልፍ ነው። የ1960 (እ.ኤ.አ.) የሮም ኦሎምፒክን እኛ የምናውቀው በአበበ ቢቂላ ነው። አበበ በባዶ እግሩ ማራቶኑን ሊያሸንፍ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዊልማ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል ወርቅ ወሰደች። 100 እና 200 ሜትሩን ቀደም ብላ ስላሸነፈች ሦስተኛ ወርቋ ነበር። ገና የ20 ዓመት ልጅ ናት።

ይህቺ ልጅ እኮ ፖሊዮ ይዟት በብረት ድጋፍ ስትሄድ ያደገች ናት። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ውስጥ፣ ክላርክስቪል ከተማ አጠገብ፣ ከ22 ልጆች 20ኛ ሆና ተወለደች። ጥቁሮችን የሚያክመው ሆስፒታል ናሽቪል ነበር፤ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከደብረ ማርቆስ ፍኖተ ሰላም በሉት። እናቷ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ይዛት ትመላለስ ነበር። ቤት ደግሞ እናትና ልጆች እየተፈራረቁ በቀን አራት ጊዜ እግሯን ያሹላታል። ያቺ እናት ሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ስትለፋ ውላ ገብታ እንደገና ለልጇ እግር መንበርከኳን ሳስብ ሆዴ ተላወሰ።

ልቤ የቀረው ግን የዱላ ቅብብሉ ፍጻሜ ላይ ነው። የመጨረሻው ቅብብል ተበላሸ። ዊልማ ዱላውን ልትጥለው ምንም አልቀራት። ጀርመኗ ቀደመቻት። ዊልማ ግን ደርሳባት አለፈች፤ 44.5 ሴኮንድ። ጀርመኖቹ በ44.8 ሁለተኛ ወጡ። በዋዜማው እነዚሁ አራት ልጆች በ44.4 የዓለም ክብረ ወሰን ሰብረው ነበር፤ ስለዚህ አንድ እጅ ሲሳሳት ምን እንደሚያስከፍል በደንብ ይታያል።

እኔ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ሳለሁ በዱላ ቅብብል ሦስተኛ ሯጭ ነበርኩ። ኩርባው የሦስተኛዋ ነው። ዱላውን ይዘሽ ስትደርሺ፣ ተቀባይዋ ጀርባዋን ሰጥታሽ መሮጥ ጀምራለች፤ ዞራ አታይሽም። እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ አንቺን ታምናለች። ያንን እምነት የቀመሰ ሰው አይረሳውም። ውድድሩ ሲያልቅ ግን በድምፅ ማጉያ የሚጠራው የመጨረሻዋ ስም ብቻ ነበር። እስካሁን ቅር ይለኛል።

ለዚህ ነው የሌሎቹንም ስም ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት፦ ማርታ ሃድሰን፣ ሉሲንዳ ዊልያምስ፣ ባርባራ ጆንስ። አራቱም የቴነሲ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ልጆች፣ አራቱም በአሠልጣኝ ኤድ ቴምፕል እጅ ያለፉ። አብረው ስለኖሩ ነው ያ የተበላሸ ቅብብል ያልጣላቸው ብዬ አምናለሁ።

ዊልማ አገሯ ስትገባ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ የሚቀበላት ከሆነ እንደማትገኝ ተናገረች። ክላርክስቪልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ ወጥቶ ተቀበላት። በ1962 ሩጫ አቁማ አስተማሪ ሆነች፤ በ1994 በ54 ዓመቷ አረፈች።

እኛ ጎጃም ውስጥ ረጅም ርቀት እንወዳለን፣ ደግሞም ያምርብናል። ግን የትምህርት ቤት ውድድር ሲመጣ ለዱላ ቅብብል ልጆችም ቦታ እንስጥ። ሲያሸንፉም የአራቱም ስም ይጠራ፤ ከሦስተኛዋ ይጀመር።