«ተገለጸ»፦ ማን ገለጸው?

በዜና ዴስክ ከሚያናድዱኝ ቃላት ሁሉ የሚቀድመው «ተገለጸ» ነው። ስድብ አይደለም፣ የሰዋስው ስሕተትም የለበትም፤ ጨዋ ቃል ነው። ጨዋ ስለሆነም ማንም ሳይፈትሸው ያልፋል።

በቅርቡ አንድ ጀማሪ ሪፖርተር ከአንድ መሥሪያ ቤት መግለጫ እንደተመለሰ የጻፈውን ዜና አመጣልኝ። ርእሱ «የውኃ ፈረቃው በቅርቡ እንደሚስተካከል ተገለጸ» ይላል።

«ማን ገለጸው?»

«መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ጋሼ።»

«መሥሪያ ቤት አፍ የለውም። ማን ተናገረ?»

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ናቸው፤ ስማቸው አራተኛው አንቀጽ ላይ ተወሽቋል። «በቅርቡ» ማለት መቼ እንደሆነ ግን የትኛውም አንቀጽ ላይ የለም። ጠይቆ እንደሆነ ብጠይቀው አልጠየቀም። ለምን ይጠይቃል? ተገልጿል እኮ።

ኃላፊው «ፈረቃው ይስተካከላል» አሉ ብዬ ስጽፍ ቃሉ የእሳቸው ነው፤ ትእምርተ ጥቅሱ እኔንና እሳቸውን ይለየናል። «እንደሚስተካከል ገለጹ» ስል ግን ያቺ «እንደ» ንግግራቸውን ወስዳ የእኔ ዓረፍተ ነገር ታደርገዋለች። «ገለጸ» ራሱ ደግሞ የ«ገለጠ» ዘመድ ነው። የሚገለጠው ቀድሞውኑ ያለ ነገር ነው፤ መጽሐፍ ይገለጣል፣ የተሸፈነ ፊት ይገለጣል። የሌለ ነገር አይገለጥም። ስለዚህ የኃላፊው ተስፋ አንባቢው ዘንድ ሲደርስ ያለቀለት እውነት ይመስላል። በመጨረሻ «ተ» ስትጨመር ተናጋሪውም ይሰወራል። ቃል የገባ ሰው የለም፤ ነገሩ ሲቀርም የሚጠየቅ የለም።

የሚገርመኝ፣ «ተባለ» በብዙ ዴስኮች የተናቀ ቃል መሆኑ ነው። አሉባልታ ይሸታል ይሉታል። እኔ ግን ከ«ተገለጸ» ይልቅ ሐቀኛ ነው ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ወሬው ወሬ መሆኑን አይደብቅም። «ተጠቆመ» እና «ተመለከተ» ደግሞ ጭራሽ ምን እንደሆኑ አይገባኝም። ማን ወዴት ጠቆመ?

ልማዱ ከሰማይ አልወረደም። መግለጫው በማኅተም ታትሞ ይመጣል፣ የሰው ስም አይኖርበትም፣ ሰዓቱ ይገፋል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ መስጠትን የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊዎች ሥራ ካደረገ ወዲህ ብዙ ሪፖርተር ውሳኔውን የወሰነውን ሰው ሳያገኝ ይመለሳል። የሰጡትን ይጽፋል። ያን ዜና ሌላው ጣቢያ እንዳለ ይወስደዋል፣ የቴሌግራም ቻናሎች ደግሞ ርእሱን ብቻ ቆርጠው ይለጥፉታል። አራተኛው አንቀጽ ላይ የነበረው ስም እዚያ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ቃሉ ጨርሶ ይቅር አልልም። ስሙ ቢወጣ የሚጎዳ ምንጭ አለ፤ እሱን መሸፈን ግዴታችን ነው። ያን ጊዜ ግን ስሙ ለምን እንዳልተጠቀሰ በግልጽ ይጻፍ። በመድረክ ላይ፣ በማይክሮፎን፣ በካሜራ ፊት የተናገሩ ባለሥልጣንን በ«ተገለጸ» መሸፈን ግን ምን የሚሉት ጥበቃ ነው?

ሌላም ነገር አለ። ይህ ግሥ በማዕረግ የሚታደል ነው። ሚኒስትር «ይገልጻሉ»፣ «ያስታውቃሉ»፣ «ያስገነዝባሉ»። የሰፈር ነዋሪ «ቅሬታ ያሰማል»፣ ሲበዛ «ይናገራል»። የውኃ ቧንቧው ከደረቀ ስንት ጊዜ እንደሆነው በቀን በቀኑ የሚያውቀው ነዋሪው ሆኖ ሳለ፣ ገላጩ ሌላ፣ አማራሪው እሱ! ጀማሪ ሳለሁ የአንዲት የጉልት ነጋዴን ቃል «ሲሉ ገለጹ» ብዬ ብጽፍ፣ የዚያን ጊዜው አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «ሲሉ ተናገሩ» አደረጉት። ሴትዮዋ የሽንኩርትን ዋጋ ከነምክንያቱ፣ ከጭነት መኪናው ኪራይ ጀምረው ነበር ያስረዱኝ። ዛሬ የአለቃዬ ወንበር ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነኝና ሁሉንም «ተናገሩ» አድርጌያቸዋለሁ፤ ሚኒስትሩንም፣ ባለጉልቷንም። አንድ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ደውለው «አለቃችንን ምነው አሳነሳችኋቸው?» ብለውኛል። የውኃ ፈረቃው የሚስተካከልበትን ቀን ይንገሩኝና «ገለጹ» ብዬ እጽፋለሁ አልኋቸው።