«አልተቀበልንህም» የሚል ወረቀት አምጣ

«ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ከተማ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ቤት ገዛ» የሚለው ወሬ ሰፈር ከደረሰ ወዲህ ስልኬ ዕረፍት የለውም። አንዱ አብሮ አደጌ ደግሞ «ነፋስ ነው እንዴ የምትፈሩት? ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ጫንበታ!» አለኝ። እዚህ አገር ድንጋይ ለመጫንም የኢንጂነር ፊርማ ሳይጠይቁ አይቀሩም።

ፈረንጅ ለነፋስም ማዕረግ ይሰጣል፣ ከ1 እስከ 5። በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ሃሪኬን ይባልና 1ኛን ያገኛል፤ 178 ሲደርስ 3ኛ፣ ከ252 ጀምሮ 5ኛ ነው። ጉዱ ግን የሚለካው ፍጥነቱ ብቻ መሆኑ ነው። ውሃው አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ2008 አይክ የተባለው ሃሪኬን ጋልቬስተን የገባው 2ኛ ደረጃ ይዞ ነው፤ ማዶ ያለውን የቦሊቫርን መንደር ግን ባሕሩ ጠራርጎ ወሰደው። (ለፈረንጆቹ አትንገሩብኝ እንጂ የአንዳንዱ ሃሪኬን ዘር የሚነሳው ከእኛው ደጋና ከሱዳን ሰማይ ነው። በክረምት ነጎድጓዱ ወደ ምዕራብ ይጓዝና አትላንቲክን ያለ ቪዛ ይሻገራል።)

አሁን ወደ መድኑ። የእኔ የቤት መድን ነፋስን አይነካም። ነፋሱን የሚሸፍነው የቴክሳስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 በሕግ ያቋቋመው ማኅበር ነው። የመድን ወኪሏ ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ፈገግ አለችና «የተከለከሉበት ማስረጃስ?» አለችኝ። ለካ አንድ የግል መድን ድርጅት አስቀድሞ እምቢ ካላለኝ ማኅበሩ አይቀበለኝም!

እኔ! ዲቪ እስኪደርሰኝ ድረስ ከኤምባሲ በር እየተመለስኩ እምቢታዬን ከእናቴ ስደብቅ የኖርኩ ሰው፣ አሁን ደግሞ እምቢ በሉኝ ብዬ ልለምን? ቀበሌ እንኳ ስንት ደብዳቤ ሲያስመላልሰኝ «ሌላ ቦታ ተባረህ ና» ብሎኝ አያውቅም። አንድ የግል መድን ድርጅት ጋ ደወልኩ። ያነሳው ሰውዬ መርዶ እንደሚያረዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በጣም አዝናለሁ፣ ቤትዎን መሸፈን አንችልም» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ!» አልኩት። ዝም አለ። እስካሁን ምን እንዳሰበ እንጃ።

ከዚያ የቤቱ የምስክር ወረቀት አለ፤ ከጣሪያው እስከ መስኮቱ ነፋስ እንዲችል ሆኖ መሠራቱን የሚያረጋግጥ። ይኼ ቀልድ የለበትም።

ዕቁባችሁን ሰብስባችሁ «ሂዩስተን ቅርብ ነው፣ ባሕሩም ያምራል» የምትሉ ወገኖቼ፣ ጎርፍ ደግሞ ሌላ መድን ነው። የፌዴራሉ አብዛኛውን ጊዜ ከተገዛ 30 ቀን ካልሞላው አይሠራም። በነፋሱ መድንም ቢሆን ጣሪያው ሲገነጠል የመጀመሪያው ወጪ ከኪሳችሁ ነው። የሚሰላውም በመቶኛ ስለሆነ፣ ለ300,000 ዶላር ቤት 2 በመቶ ማለት 6,000 ዶላር ነው። ሃሪኬኑ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ አዲስ የነፋስ መድን የሚሸጥላችሁ አታገኙም። የሃሪኬን ወቅት ጁን 1 ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ጨርሱ። ሻጩ የምስክር ወረቀቱን ሳያሳያችሁ፣ አበሻም ቢሆን፣ የንስሐ አባታችሁ ዘመድ ቢሆንም፣ ቀብድ እንዳትሰጡ።