ነገ በራችሁን ሲያንኳኩ

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ በጳጉሜ የመጨረሻ ምሽት፣ ቦሌ አራብሳ ካለው ቤቴ ሆኜ ነው። ከደረጃው ሥር የብሎካችን ሴት ልጆች የነገውን ጭፈራ እየተለማመዱ ነው። ከበሮ የላቸውም፤ ባዶ ጄሪካን ነው የሚመቱት። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ትንሿ ደግሞ ሁሌም ቀድማ ትገባና ያስቆሟታል።

ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው። ትናንት ማታ ነገ የሚያንኳኩባቸውን በሮች ደብተሯ ላይ ስትጽፍ አገኘኋት። አንደኛ ፎቅ አራቱም በር፣ ሁለተኛ ፎቅ አራቱም፣ ሦስተኛም እንደዚያው። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን የጻፈችው ሦስት ብቻ ነው። «አራተኛዋስ?» አልኳት። «እዚያ አንሄድም፤ ሰውየው ይማታል» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። ማን ነገረሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ልጆቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ የትኛው በር እንደሚንኳኳ፣ የትኛው እንደማይንኳኳ ያውቃሉ።

የበዓል መልእክቴን በምርቃት ብቻ ልጨርሰው ነበር ሐሳቤ። ከዚያ ወዲህ ግን ስለዚህ ነገር ሳልነግራችሁ ዓመቱን መሻገር አልሆነልኝም።

እዚህ ሰፈር የገባን ሰሞን «ቤት ለእንቦሳ» እየተባባልን ነበር። ከከተማው መሀል ከፈረሱ ሰፈሮች የመጣ አለ፣ እጣ የወጣለት አለ፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ የተከራየ አለ። ማንም ማንን አያውቅም። ያደግኩበት የቀበሌ ቤት ግድግዳው ጭቃ ስለነበር የጎረቤት ሳል እንኳ ይሰማል። አንዷ ኡኡ ስትል ነጠላቸውን ሳያጣፉ የሚሮጡ እናቶች ነበሩ። ድሮ ሁሉ ደግ ነበር ለማለት አይደለም፤ ሮጠው ከገላገሉ በኋላ «ቻዪው፣ ልጆችሽን አሳድጊ» ብለው የሚመልሷትም እነዚያው እናቶች ናቸው። ቢሆንም ይሮጡ ነበር። እዚህ የብረት በር አለን፣ ሁላችንም እንቆልፋለን።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሌሊት ከጎናችን ካለው ቤት ዕቃ ሲሰበር ሰማሁ። ቀጥሎ የሴት ድምፅ መጣ። ከዚያ ጭጭ አለ። ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩ። «የባልና ሚስት ነገር ነው፤ ነገ ይታረቃሉ» አልኩ። ጠዋት ደረጃው ላይ ስንገናኝ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ነበር። «በር ገጭቶኝ ነው» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። «አይዞሽ» ብያት ወረድኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጇን አዝላ፣ አንድ ፌስታል አንጠልጥላ ሄደች። ወዴት እንደሄደች ዛሬም አላውቅም። ያን ሌሊት በቴሌቪዥን ምን ይታይ እንደነበር ግን እስካሁን አስታውሳለሁ።

ኋላ ላይ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቀረሁ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 23 በመቶዎቹ ከ15 ዓመታቸው ወዲህ አካላዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል ይላል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ውስጥ 66 በመቶዎቹ እርዳታም አልፈለጉም፣ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እርዳታ የፈለጉት ጥቂቶቹ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤት የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ባለ ቴሌቪዥኑ።

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ነገሩን ያነሱት የእድራችን እናቶች ናቸው። ቦታው ኮሙናሉ ነበር፤ በዓል ሲሆን በሬ የምንጥልበት፣ ሐዘን ሲሆን የምንሰበሰብበት አዳራሽ። አንድ የማከብራቸው አባት ተነሥተው «እድር የተቋቋመው ለሞት ነው እንጂ ለባልና ሚስት ጠብ አይደለም» አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ሳይነሡ «ታዲያ እስክንሞት ነው የምትጠብቁት? ድንኳን ለመትከል?» አሉ። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም፣ ለረጅም ጊዜ።

እድር ከቀብር አልፎ ሲሠራ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። ኤችአይቪ ቤታችንን ባንኳኳበት ዘመን በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ከቀባሪነት ወጥተው የታመመ አስታመዋል፣ ወላጅ ያጣ ልጅ ደግፈዋል። ያን ጊዜም «ይህ የእድር ሥራ አይደለም» ያለ ሰው ነበር።

የመጀመሪያው ሥራችን ስለ ጥቃት ማስተማር አልነበረም፤ አምፖል መስቀል ነበር። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች በዚህ አካባቢ ተከራይተው ይኖራሉ፤ ሦስትም አራትም ሆነው በአንድ ክፍል። አምሽተው ሲመጡ ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ ያለው መንገድ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ምን ይሻላችኋል ስንላቸው «መብራት» አሉ። ምድር ቤት ያሉ ጎረቤቶቻችን በየበራቸው ወደ መንገዱ የሚያይ አምፖል ሰቀሉ። የባጃጅ ልጆች ደግሞ ተራ ይዘው ከአስፋልቱ ያደርሷቸዋል።

እዚህ ላይ የሴቶች መብት ተሟጋቿ ቦጋለች ገብሬ ትዝ ይሉኛል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከንባታ ተመልሰው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ሊያነጋግሩ ሲሞክሩ የአገሩ ሰው የጠየቃቸው ድልድይ ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ሰው ወደ ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩን ሠሩ። ከዚያ ነው ሰዉ ተቀምጦ መነጋገር የጀመረው፣ ከዚያም ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ የተዳረችው። አምፖል ከድልድይ ጋር እንደማይወዳደር አውቃለሁ። ግን መብራቱ ከበራ በኋላ ነው እነዚያ ወጣት ሴቶች በእድሩ ስብሰባ ላይ አፋቸውን የፈቱት።

ከዚያ ደንብ አወጣን። ደረጃችን ላይ የብረት መደገፊያ አለ፤ በቁልፍ ሲመታ ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል። ጩኸት የሰማ ሰው ብረቱን ይመታል፣ የሰማ ሁሉ ይወጣል፣ ሁለት ሰው ሄዶ በሩን ያንኳኳል። አንዷ የግድ ሴት ትሁን ተባለ። የሚባለውም አጭር ነው፦ «ደህና ናችሁ ወይ ብለን ነው።» ፍርድ መስጠት የለም፣ መጣላት የለም፣ ግን መሄድም የለም፤ ሴትዮዋ ራሷ በር ላይ እስክትታይ ድረስ።

ቡና ላይ ሲወራ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን አድርጋው ነው?» ነበር። አልገረመኝም። ያው ጥናት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው ይላል፤ ከወንዶቹ 28 በመቶ። ይህን ጥያቄ ከቡናችን ላይ ለማንሣት ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል፤ ዛሬም አልፎ አልፎ ይመለሳል።

ከሁሉ የከበደን ግን የሽምግልናው ነገር ነው። አምና ከሌላ ብሎክ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ታዳጊ ላይ ጥቃት ደረሰ። ጉዳዩ እድሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ጥቃቱን የፈጸመው ልጅ ዘመዶች ሽማግሌ ልከው፣ ካሳ ተነጋግረው፣ ልትፈራረም ነው። የለበሰችውን ልብስ አሠሪዋ በደግነት አጥባ አስጥታዋለች። ሽማግሌዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም። የስንቱን ቤት ከመፍረስ ያዳኑ፣ የድንበር ጠብ ያበረዱ፣ ደም ያደረቁ ናቸው። «የልጅቷን ስም ለማዳን ነው» አሉ፣ እውነትም የመሰላቸው ያ ነበር። እኔ ግን የዳነው የማን ስም እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አንዱ አንገታቸውን ደፉ።

ሕጉም በአንድ ወቅት እንደ እነርሱ ያስብ ነበር። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የጠለፈ ሰው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግን ጋብቻው ከተጠያቂነት አያድነውም አለ። ከ13 ዓመት በታች ባለች ልጅ ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይህ በሽማግሌ ምንጣፍ ላይ የሚዘጋ ነገር አይደለም። (ያው ሕግ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ ለሚፈጸም ብቻ መወሰኑ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ እርሱ ገና ይቀረናል።)

የዚያች ልጅ ጉዳይ ዘግይቶም ቢሆን ፖሊስ ጋ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ እናቶቹ ለእያንዳንዱ ቤት የሚናገሩት ነገር አለ፤ እኔም ለእናንተ ልንገራችሁ። ልብሱ አይታጠብ፤ በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ፈጥኖ ሲጀመር ይሻላል። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና ድጋፉን በአንድ ላይ የሚሰጥ ማዕከል አለ፤ ተጎጂዋ ያንኑ ታሪኳን አሥር ቢሮ ዞራ እንዳትደግም። ከዚህ እስከዚያ ሩቅ ነው፤ ስለዚህ የታክሲውን እድሩ ይከፍላል። ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ አይጠይቅም፣ ለምን እንደሆነም አይጠይቅም።

አሁን መሽቷል። ልጆቹ ጭፈራውን ጨርሰው አደይ አበባቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ሊተኙ ነው። ልጄን ደብተሯን አምጪ ብዬ፣ ያቺን አራተኛ በር አስጻፍኳት። «አባዬ፣ ቢቆጣስ?» አለች። እኔና የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ደረጃው ላይ እንቆማለን አልኳት። እዚያ ቤት ውስጥም አንዲት ሴት አለች፤ ለእርሷም አበባ መምጣት አለበት።

እናንተም ነገ በጠዋት ሲያንኳኩ ቶሎ ክፈቱላቸው፤ ዝርዝር ብርም አዘጋጁ። መልካም አዲስ ዓመት!