ከልምምድ ክፍል ወደ መድረክ፦ የቤዝ ጊታር የ12 ሳምንት ማስታወሻ ከባሕር ዳር

ማስታወሻው ከባንድ ጋር ከተማ ለከተማ እየዞረ ሮክ ለመጫወት ለሚሰናዳ ቤዝ ተጫዋች ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ፍጥነት ነው። መድረክ ላይ የሚያስወጣው ወይም የሚያስቀረው ግን እኩል መምታትና መሣሪያን ደህና አድርጎ ማድረስ ነው።

ሳምንት 1–4፣ ቀኝ እጅ። መነሻው 90 ቢፒኤም (በደቂቃ 90 ምት) ነው፤ ስምንተኛ ኖታ (በአንድ ምት ሁለት ጊዜ)፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት እየተፈራረቁ፣ ሳያቋርጡ 4 ደቂቃ። በስልክ ይቀረጻል። ሦስት ቀን በተከታታይ ቀረጻው ላይ ድምፁ እኩል ከሆነ 4 ቢፒኤም ይጨመራል። እስከ 142 ድረስ 13 እርከን ነው፤ በወረቀት ላይ በ39 ቀን ያልቃል፣ ስለዚህ ከአራቱ ሳምንት አልፎ ከቀጣዩ ሥራ ጎን ይቀጥላል፤ በተግባር ግን ከ120 በኋላ አንዱ እርከን ብቻውን ሳምንት ሊበላ ይችላል። በ140 ፍጥነት የ4 ደቂቃ ዘፈን በስምንተኛ ኖታ 1,120 ጊዜ ክር መምታት ስለሆነ ክንድ የሚቃጠለው በፍጥነቱ ሳይሆን በየምቱ በሚባክነው ጉልበት ነው። ክሩ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ ያለውን የብረት መስመር) ጠቅ እያደረገ ከመታው አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ከፍ፣ ጣትን ለስለስ አድርጉ። የማንገቻውንም ቁመት ተመልከቱ፦ ተቀምጠው ተለማምደው ቆመው ሲጫወቱ ቤዙ አንድ ስንዝር ከወረደ የእጅ አንጓ ይታጠፋል፣ የአራት ሳምንቱ ልፋት ግማሹ እዚያው ይቀራል።

አውራ ጣት አንድ ቦታ ተተክሎ አይቅር። ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች ሲወረድ አብሮ ወርዶ ወፍራሙን ኢ ክር ይድፈነው። አለበለዚያ ከፍ ባለ ድምፅ ያልተነካ ክር ከስር ያጉረመርማል፣ ጥፋተኛ የሚባለውም ሳውንድማኑ ነው።

ሳምንት 5–7፣ ቅኝት። የሮክ ቤዝ ልማድ መነሻ ኖታና አምስተኛው ነው፤ ከሲ ሲነሱ ሲ እና ጂ። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ላይ አምስተኛው ኖታ ቅኝቱ ውስጥ ስላለ ልማዱ ያስኬዳል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ይፈርሳል። ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ናቸው (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፤ ጂ የለም። ቤዙ ጂ ሲመታ ድምፃዊው ወይም ማሲንቆው ጂ ፍላት ላይ ካለ፣ ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ተጋጭተው አድማጩ ምክንያቱን ሳያውቅ ፊቱን ያጨማድዳል። መፍትሔው መነሻና ኦክታቭ (ያንኑ ኖታ ከፍ ብሎ) መጫወት፣ መሸጋገሪያ ካስፈለገ በኤፍ ማለፍ ነው። ጣት አቀማመጡን እንደ ቅርጽ ያዙት፤ ድምፃዊው ሳውንድ ቼክ ላይ «አንድ ድምፅ አውርዱልኝ» ማለቱ አይቀርም፣ ያኔ ቅርጹን እንዳለ ማንሸራተት ነው።

ሳምንት 8፣ ክረምቱና አንገቱ። ጣና ዳር ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ አንገቱ ብዙ ጊዜ ወደ ክሮቹ አቅጣጫ ይጎብጥና ክሩ ከፍ ይላል፤ በጋ ሲገባ ደግሞ ይቃናና ክሩ ፍሬት ላይ ይንጫጫል። አለካኩ እንዲህ ነው፦ ቤዙ ተቃኝቶ ኢ ክር አንደኛውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ይጫናል፤ 7ኛው ፍሬት አካባቢ ያለው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ማለትም የአንድ ቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያህል ይሁን። ከበዛ ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ) በብሩጎላ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር ብቻ አዙሩ፣ እንደገና ቃኙ፣ አሳድሩት፣ ጠዋት ለኩ። አልዞርም ካለ አታስገድዱት፤ የተሰበረ ሮድ አንገት ያስለውጣል።

ቀጥሎ የክር ከፍታ ይስተካከላል፤ 12ኛው ፍሬት ላይ ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር። መጨረሻ ላይ ሳድሉ፣ ማለትም ክሮቹ ታች በሚታሰሩበት ብሪጅ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ፣ ይመጣል። 12ኛው ፍሬት ተጭኖ የሚሰማው ድምፅ እዚያው ቦታ ላይ ካለው ሃርሞኒክ (ክሩ ሳይጫን በስሱ ተነክቶ ከሚወጣው ድምፅ) ከፍ ካለ ሳድሉ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይሄዳል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

አዲስ ክር ካልተገኘ አሮጌውን 10 ደቂቃ መቀቀል ለጥቂት ቀን ያነቃዋል፤ የሚያደነዝዘው በጥምጥሙ መሀል የገባው ላብና እድፍ ነውና። ፀሐይ ላይ በደንብ ካልደረቀ ግን ይዝጋል። የተቀቀለ ክር ለልምምድ እንጂ ለኮንሰርት አይታመንም።

ሳምንት 9–10፣ እምታ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ከድምፅ ማጉያው የሚሰማው «ምምም» የሚል እምታ ከታችኛው ጂ ኖታ ጋር ይቀራረባል፤ ዘፈኑ መሀል ይደበቅና ጸጥታ ሲሆን ይጋለጣል። ክሩን ስትነኩ ከባሰ የብሪጁ የኧርዝ ሽቦ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፣ ተፈትሾ ይበየድ። ጃዝ ቤዝ (ሁለት ድምፅ መቀበያ ያለው የቤዝ ዓይነት) ላይ ሁለቱን ቮልዩም እኩል መክፈት አብዛኛውን ያጠፋል። እምታው የመጣው አምፑ ከሚክሰሩ ጋር ሲገናኝ ከሆነ ዲአይ ቦክሱ (ቤዙን ከሚክሰሩ ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ላይ ግራውንድ ሊፍት የሚለውን ተጫኑ። ከሶኬቱ ላይ የኧርዙን እግር መቁረጥ የሚባለው ዘዴ ግን ይቅር። እጅ ክር ላይ፣ ከንፈር ማይክ ላይ እያለ የሚመጣው ንዝረት ሰው ይገድላል።

ሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ ስለሌለ ቤዝ ይሳሳል። አምፑ ላይ ያለውን የቤዝ ድምፅ ቁልፍ እስከ ጥግ ማዞር ስፒከሩን ያደክማል እንጂ አያወፍርም። ከ40 ኸርዝ በታች ያለውን ቆርጦ ከ80 እስከ 100 አካባቢ ትንሽ መጨመር ይሻላል።

ሳምንት 11–12፣ መንገድ። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ በዓባይ በረሃ ሙቀት ውስጥ ያልፋል። ቤዙ በአውቶቡሱ ጣሪያም በታችኛው ዕቃ መጫኛም አይሂድ፤ ከመቀመጫ ኋላ ቆሞ ይሂድ። ክሩን ሙሉ በሙሉ ማላላት አያስፈልግም፣ አንድ ድምፅ ማውረድ ይበቃል። ቦርሳው ውስጥ ከጫማ ካርቶን የተገኘ ሲሊካ ጄል ይግባበት። ሲደርሱ ቦርሳው ግማሽ ሰዓት ሳይከፈት ይቆይ፣ ከዚያ ይቃኝ።

ቦርሳው ውስጥ፦ 6 ሜትር ኬብል ሁለት፣ አንድ ሙሉ ክር፣ ቱነር፣ ብሩጎላ፣ ካቻቢቴ፣ ፕላስተር፣ የጆሮ መድፈኛ። አክቲቭ (በባትሪ የሚሠራ) ቤዝ ከሆነ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሁለት። የኬብሉ ጃክ ቤዙ ላይ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው እየሠራ ያድራል፤ በማግሥቱ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ መፍረክረክ ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው።