ግሩፓችሁን በአንድ ሲም ላይ አታንጠልጥሉ

መስማት የተሳነኝ ሰው ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ መሰባሰብ ሲቀር፣ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈትኩ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ያሉ ጓደኞቼን አስገባሁ። በክብ ቪዲዮ፣ በምልክት ቋንቋ እናወራለን። ስም በጣት ፊደል ስትጽፉ ግን ቀስ በሉ። የእጅ ቅርጹ «በ»ን ከ«ተ» ይለያል፤ «በ» ይሁን «ቡ» የምናውቀው ግን በእጁ እንቅስቃሴ ነው። ኔትወርክ ተንቀራፎ ቪዲዮው ከቆመ ስሙ ይጠፋል።

ያቃጠለኝ ሌላ ነው። መገናኛ ታክሲ ስሳፈር ስልኬ ተሰረቀ። መቆለፊያ አልነበረውም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። ሌባው በስሜ «እናቴ ታማለች፣ ብር ላኩልኝ» ብሎ ግሩፑ ላይ ጻፈ። ከእኔ ሌላ አድሚን ስላልነበረ መልእክቱን የሚያጠፋ ጠፋ።

በወንድሜ ስልክ ልግባ ብል፣ የመግቢያ ኮዱ የሚሄደው ወደ ተሰረቀው ቁጥር ነው። ካልሆነ ቴሌግራም ደውለን እንንገርህ ይላል። ለእኔ!

ሲሙን ላስተካ ሄድኩ። መታወቂያዬን ሰጠሁ፣ ጉዳዬን በወረቀት ጻፍኩ። ሠራተኛዋ «ብዙ ጊዜ የምትደውልላቸውን ሦስት ቁጥሮች ጻፍ» አለችኝ። እኔ ለማንም ደውዬ አላውቅም። ይህንንም ጻፍኩላት። አነበበችና «የሚሰማ ሰው ይዘህ ና» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። የ29 ዓመት ሰው ነኝ፣ መታወቂያዬ ፊቷ ላይ ነው! በማግስቱ የ14 ዓመት እህቴን ይዤ ሄድኩ። እህቴ ያደረገችው ያንኑ ወረቀት ጮክ ብላ ማንበብ ብቻ ነው። በአሥር ደቂቃ አለቀ። ሠራተኛዋ አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም በዚያች በባከነች ቀን ሁለት የግሩፑ ልጆች ለሌባው ብር ልከዋል።

አንዷ ጓደኛችን ግን አልላከችም። «አንተ መቼ ጽፈህልን ታውቃለህ?» አለችኝ። ደንባችንን ያገኘነው ከእሷ ነው፦ ብር የሚጠይቅ ሰው በቪዲዮ ፊቱንና እጁን ያሳያል፣ የምልክት ስሙን (በምልክት ቋንቋ የምንጠራበትን ስም) ያሳያል። በጽሑፍ ብቻ ከመጣ አንልክም።

አድሚንነት ለማንም አትስጡ የሚሏችሁን አትስሙ። ለምታምኗቸው ሁለት ሰዎች ስጡ። የመግቢያ ኮድ ግን ለወንድማችሁም ቢሆን አትስጡ። የቴሌግራምን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቅ የይለፍ ቃል) ዛሬውኑ አብሩ፣ ኢሜይላችሁንም አስገቡ።

ለሁለቱ ልጆች ከደመወዜ ከፈልኳቸው። አንዱ ግን ከግሩፑ ወጥቷል፤ እስካሁን አልተመለሰም።