የቡድን ኢሜይል ብቻውን ፓኬጅ አይይዝም

በደቢያን (በፈቃደኞች በሚሠራው የሊኑክስ ስርጭት) ፓኬጅ፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀ ሶፍትዌር፣ በቡድን ይያዝ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚደረገው የቡድኑን ኢሜይል የሜንቴይነሩ (የኃላፊው) ቦታ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም «እገሌ ያየዋል» እያለ ያልፈዋል፣ ባጉም (የስህተት ሪፖርቱም) ይከመራል። በደቢያን ፖሊሲ ሜንቴይነሩ ቡድን ከሆነ «አፕሎደርስ» (ላኪዎች) የሚለው መስክ የግድ መኖር አለበት፤ ቢያንስ አንድ ሰው ከነግል ኢሜይሉ ይሰፍርበታል። ስምንት ስም መደርደር ግን ምንም ስም ከሌለው እምብዛም አይሻልም። በእርግጥ የሚሠሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ይበቃሉ። ሌላው የቡድን አባል ስሙ ባይሰፍርም ቼንጅሎጉ (የለውጦቹ መዝገብ) ላይ «ቲም አፕሎድ» ብሎ ጽፎ መላክ ይችላል፤ ቁጥሩም (ከሰረዙ በፊት ያለው የሶፍትዌሩ፣ በኋላ ያለው የደቢያን ነው) ከ2.4-1 ወደ 2.4-2 ይሄዳል እንጂ እንደ ውጭ ሰው አፕሎድ 2.4-1.1 አይሆንም።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው ከጊት ሪፖው (ቡድኑ ኮዱን በጋራ ከሚያኖርበት) እና ከአርካይቩ (የተላኩት ፓኬጆች ከሚከማቹበት) መለያየት ነው። አንዱ የሴኩሪቲ ቀዳዳ በፓች (በትንሽ የኮድ ማስተካከያ) ደፍኖ 2.4-2ን ይልካል፣ ኮሚቱን (የመዘገበውን ለውጥ) ግን ወደ ሪፖው ፑሽ ሳያደርግ ይቀራል። ሌላው ይህን ሳያውቅ ከሪፖው ተነስቶ ይሠራል። እሱም 2.4-2 ብሎ ከላከ ደህና፣ አርካይቩ «ቁጥሩ ተይዟል» ብሎ ይመልስበታል። በመሀል አዲስ የአፕስትሪም (የዋናው ሶፍትዌር ሠሪዎች) ቨርዥን ወጥቶ 2.5-1 ብሎ ከላከ ግን የሚያግደው የለም፤ ፓቹ አፕስትሪም ካልገባ የተደፈነው ቀዳዳ ማንም ሳያውቅ ተመልሶ ይከፈታል። ስለዚህ ፑሽ ከአፕሎድ ይቀድማል። ሥራ ሲጀመርም የመጀመሪያው ነገር የቼንጅሎጉን የላይኛውን ቁጥር ደቢያን ትራከር (የፓኬጆች መከታተያ ገጽ) ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ነው። ታጉ (ጊት ላይ የቨርዥኑ ምልክት) አርካይቩ ተቀበልኩ ካለ በኋላ ይለጠፍ፤ ቀድሞ ከተለጠፈና አፕሎዱ ከተመለሰ፣ የተገፋ ታግ ማንሳት ሌላ ራስ ምታት ነው።

ቼንጅሎጉ ራሱ የቡድኑ ምልክት መስጫ ነው። የላይኛው ክፍል «አንስቴብል» (አዲስ ሥራ የሚገባበት የአርካይቩ ክፍል) በሚለው ቦታ «አንሪሊዝድ» (ያልተለቀቀ) ካለ ሥራው አላለቀም ማለት ነው፤ ማንም የራሱን መስመር ይጨምርበታል። እንዲህ እያለ በስህተት ቢላክ እንኳ በዚያ ስም የሚጠራ ክፍል ስለሌለ አርካይቩ አይቀበለውም። ወደ «አንስቴብል» የሚቀይረው በኤስቢዩልድ ንጹሕ ቦታ ላይ ቢዩልድ አድርጎ (ኮዱን ወደ ፓኬጅ ቀይሮ)፣ ሊንቲያንንና አውቶፒኬጂቴስትን (የፓኬጅ መፈተሻዎችን) አስኪዶ ራሱ የሚልከው ሰው ብቻ መሆን አለበት። ያላለቀ ነገር ካለ እዚያው ክፍል ውስጥ በአንድ መስመር ይጻፍ። ቻት ላይ የተባለ ነገር በሳምንቱ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

ሌላው ሰው የማይጠብቀው ነገር ታርቦሉ (የአፕስትሪም ኮድ የተጨመቀበት ፋይል) ነው። አንዱ ከአፕስትሪም ገጽ ያወርዳል፣ ሌላው ከታጉ ራሱ ይሠራል፤ ውስጡ ፋይል በፋይል አንድ ሆኖ የመጭመቂያው ልዩነት ብቻ ቼክሰሙን (የፋይሉን መለያ አሻራ) ይለውጠዋል። የመጀመሪያው 2.5-1ን ከላከ በኋላ ሁለተኛው 2.5-2ን በራሱ ታርቦል ሲሠራ አርካይቩ ይጥልበታል። ፕሪስቲን-ታር ብራንች (ታርቦሉን መልሶ ለማውጣት የሚያስፈልገው የሚቀመጥበት የሪፖው ቅርንጫፍ) የሚያዘው ለዚህ ነው። ማንኛውም አባል ያንኑ ታርቦል ባይት በባይት ማውጣት ይችላል፣ ብራንቹ አብሮ ፑሽ ከተደረገ።

ፓኬጁ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ) ከሆነ ነገሩ ከቡድኑም ያልፋል። ሶኔሙ (ፕሮግራሞች ላይብረሪውን የሚለዩበት ስም) ከ1 ወደ 2 ከተለወጠ በላዩ የቆሙት ፓኬጆች ሁሉ እንደገና ቢዩልድ መደረግ አለባቸው። መጀመሪያ ወደ «ኤክስፐሪሜንታል» (የሙከራ ክፍል) ይላካል፤ የባይነሪው (ቢዩልድ የተደረገው ፓኬጅ) ስም አዲስ ስለሆነ በ«ኒው» (አዲስ ፓኬጆች በሚታዩበት) ወረፋ ያልፋል። ጥገኞቹን በሙሉ ቢዩልድ አድርጎ ለወደቀው ሁሉ ባግ መክፈት፣ ከዚያ የሪሊዝ ቡድኑን ፈቃድ መጠየቅ ይከተላል። ይህን በቀጥታ «አንስቴብል» ላይ የሚጀምር ሰው የሌሎችን ፓኬጆች መንገድ ይዘጋል።

ሰው ሲጠፋስ? ከቡድን ውጭ የተተወ ፓኬጅ ላይ የማዳን ሐሳብ በባግ ይገለጻል፣ 21 ቀን ይጠበቃል፣ ተቃውሞ ካልመጣ በ7 ቀን የሚዘገይ አፕሎድ ይላካል። በቡድን ውስጥ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የጠፋውን ሰው ጠይቆ ስሙን ከአፕሎደርስ ማውጣት ይበቃል። ማውጣትን እንደ ስድብ የሚያዩ አሉ፣ እኔ አልስማማም።

አዲስ ሰው ሲመጣ ደግሞ የኮሚት መብትና የመላክ መብት አንድ ላይ አይሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኢቨንት-ስትሪም (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ባለቤት ለማያውቀው ፈቃደኛ አስረክቦ ተንኮል ያዘለ ኮድ ገባ። በ2024 በኤክስዜድ (የፋይል መጭመቂያ) ላይ የደረሰው ይበልጥ ረቂቅ ነበር፦ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ታርቦሎች ውስጥ የተንኮሉ ማስነሻ ተቀምጦ ነበር፣ ጊቱ ላይ ግን አልነበረም። ስለዚህ አዲስ ቨርዥን የሚያስገባው አባል ታርቦሉን ከታጉ ጋር በዲፍ (ልዩነት በሚያሳየው መሣሪያ) ያስተያይ፤ በአውቶኮንፍ (በቢዩልድ ማዘጋጃው) የተፈጠሩ ፋይሎች ብዙ ጫጫታ ያመጣሉ፣ ግን መታየት ያለባቸው እነሱው ናቸው። የጋራ የፊርማ ቁልፍም አይያዝ፤ እያንዳንዱ በራሱ ቁልፍ ይፈርም። የሳልሳ (የደቢያን ጊት ሪፖዎች ያሉበት ሰርቨር) አባላት ዝርዝር በዓመት አንዴ ይከለስ፣ ለረጅም ጊዜ ያልታየውም መብቱ ዝቅ ይደረግ፤ ሲመለስ መልሶ መስጠት ቀላል ነው።